ሃያ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ከመሸጣቸው በፊት

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ጥቂት ያመኛል፤ እሱም ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የቢሮዎን ደረጃ አራት ጊዜ ስለወጣና ስለወረደ ነው እንጂ በማንም ላይ ቅሬታ የለውም። የጽሕፈት ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። በደል የደረሰባቸው ሴቶች በየቀኑ የሚገቡበት ግቢ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ባያውቀው ለእነሱ ይሻላል።

ለማንም፣ ለወለድኳት ልጅ እንኳ፣ ነግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ለእርስዎ ልነግርዎ ነው። ባለቤቴ ጀይላን የሰው ምስጢር አወጣ ተብሎ ከመቃብር በታች ሆኖ ሲታማ ዓመታት አለፉ። ጀይላን አላወጣም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ይህን እንድናገር ያደረጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናውም የእርስዎ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ በበርዎ ላይ ስለተለጠፈው የጨረታ ማስታወቂያ ላነጋግርዎ በገባሁ ጊዜ፣ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ በፍጹም ጨዋነት፣ «እናቴ፣ እርስዎን ምን አገባዎት? እዚህ ፋይል አለዎት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ረጅም ስለነበረ፣ ከኋላዬም ሰው ተሰልፎ ስለነበረ፣ ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። መልሱ ይኸው፤ እባክዎ ስልክዎን ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጡት።

ጀይላንን ይህ ከተማ ያውቀዋል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ጽፏል። ከጨፋም ሆነ ከሰንበቴ የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ በደሉን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርስለታል፤ ጀይላን ሁሉንም ሰምቶ ዳኛ ሊረዳው በሚችል መልክ ያሰፍርለታል። በእጅ ይጽፍ በነበረበት ዘመን አንድ ልማድ ነበረው። ንጹሑን ከገለበጠ በኋላ ረቂቁን ለባለጉዳዩ ይመልስና፣ አብረው ወጥተው፣ ጎረቤታችን ሻይ የምታፈላበት ከሰል ላይ በባለጉዳዩ በራሱ እጅ ያስቃጥለው ነበር። «አማና ነው፤ የሰው አደራ እኔ ዘንድ አይደር» ይል ነበር።

ኮምፒውተር በገዛ ጊዜ ግን ይህን ልማድ ያስተዉት ሰዎቹ ናቸው። «ወረቀቱ ይጠፋብኛል፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብለው ለመኑት። አስቀመጠላቸው። እኔም ማንበብ የተማርኩት በዚያ ኮምፒውተር ነው። ከኋላው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጣቱ የሚነካውንና በመስኮቱ ላይ የሚወጣውን አስተያያለሁ። ጀይላን ይህን ባወቀ ጊዜ አልሳቀብኝም። አንድ ገጽ ከፍቶ ስሜን በትልልቅ ፊደል ከላይ እስከ ታች ሞላልኝ፤ ረቢአ፣ ረቢአ፣ ረቢአ። የመጀመሪያ መጽሐፌ ያ ገጽ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ሞተ። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። እኔ ያንን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተቀመጥኩ። መሸጡ የግድ ነበር፤ ሳልሸጠው ግን በውስጡ ያለውን የሰው አማና ላጠፋ ወሰንኩ። እንደ ክቡርነትዎ ባለሙያ አልነበረኝምና አንድ በአንድ አጠፋሁ። እያንዳንዱን ደብዳቤ እከፍታለሁ፣ አነባለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ እሰርዛለሁ። ማንበቤ ልክ አልነበረም፤ ያንንም አብሬ አምናለሁ። የዚህን ሸለቆ እንባ ሁሉ እንዲያ አድርጌ አነበብኩት። በመጨረሻው ቀን የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ባዶ ላደርግ ስል ማሽኑ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ያቺን ጥያቄ ጀይላን በሕይወት ሳለ ተርጉሞልኝ ነበር፤ «ለዘለዓለም ይጥፋ?» ማለት ነው። አዎ አልኩ። ለዘለዓለም የሚለውን ቃል የማውቀው ከቁርኣን ስለሆነ ማሽኑንም አመንኩት።

ኮምፒውተሩን ከእኔ የገዛው ሙኒር የምለው ስልክ ጠጋኝ ነው። ስሙ ይህ አይደለም። ክፉ ልጅም አልነበረም። አንድ ደንበኛው የሠርግ ፎቶ ከስልኩ ጠፍቶበት ቢለምነው፣ የጠፋ ነገር የሚመልስ ፕሮግራም ከባልንጀራው ተቀበለና በደንበኛው ስልክ ላይ ከመሞከሩ በፊት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው። በአራት ወር ከአሥር ቀን ያጠፋሁት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተነሥቶ መጣ። ሱቁ ውስጥ ጫት ይዘው የተቀመጡ ጎረምሶች ነበሩ። «እስቲ ይቺን ክፈታት! ኧረ ይሄ የማን ሚስት ናት? ቆይ፣ ቆይ፣ ከፍ አርገህ አንብባት!» እያሉ፣ ዘፈን እንደሚያስመርጥ ሰው፣ የሰው በደል አስመረጡ።

ከተነበቡት አንዱ ፋጡሜ የምላት ሴት ማመልከቻ ነበር። ይህም ስሟ አይደለም፤ ሰፈሯንም አልጠቅስም። የልጇን ስምማ በሐሰት እንኳ አልጠራውም፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ ያመጣባት ይበቃታል። ፋጡሜ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ የባሏ ወንድም የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ሚስቱ ለሞተችበት አዛውንት ሊድራት ቀን ቆረጠ። እሷ ልጅቱን በሌሊት ባቲ ወስዳ ዘመድ ቤት አስቀመጠችና፣ ጋብቻው እንዲታገድላት ለዳኛ አመለከተች። ጀይላን ጻፈላት። ዳኛው ልጅቱን አስጠርቶ ቃሏን መስማት ይችል ዘንድ ያለችበትን ቤት ጠንቅቆ አሰፈረ፤ ከሰኞው ገበያ በየት በኩል እንደሆነ፣ በማን ቤት አጠገብ እንደሆነ፣ የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ። ዳኛው አገደላት። ልጅቱ ባቲ ሆና ትምህርቷን ቀጠለች፣ አጎቷም የት እንደገባች ሳያውቅ ከዓመት በላይ አለፈ። ጎረምሶቹ ያነበቡት ይህንን ነው፤ ከመካከላቸውም አንዱ የአጎትየው ዘመድ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአጎትየው ሰዎች መኪና ይዘው ሄደው፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወሰዷት።

ሙኒር የዚያን ሰሞን እቤቴ መጣ። ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ «እትዬ ረቢአ፣ እኔ ምን አውቄ! አጥፍተውት የለ እንዴ!» እያለ አለቀሰና ሰጥቶኝ ሄደ። ከእሱና ከእኔ ሌላ ነገሩ ከየት እንደወጣ የሚያውቁት ጎረምሶቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይናገሩም። ከተማው ግን አንድ የሚወቅሰው ሰው ይፈልግ ነበር። «ጀይላን ነው» አለ፤ «ሳይሞት ለአንዱ ሹክ ብሎት ነው» አለ።

ፋጡሜ ደጄ ድረስ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም። ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ «ረቢአ፣ ለባልሽ ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ያንን ሦስት ቀን መልሺልኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የሞተ ሰው አያፍርም፣ እኔ ግን ነገ ገበያ እወጣለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሰዎች ጨዋነት ብለው ስም ሰጡልኝ። ልጅቱ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። እናቷን ገበያ ላይ ስታይ መንገድ ታቋርጣለች፤ «ማን አጽፊ አለሽ?» ብላት ነበር አሉ፣ ድሮ፣ ሲነጋገሩ።

ክቡርነትዎ፣ እንግዲህ እኔን ያገባኝ ይህ ነው። ፋይል ግን የለኝም።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ልመለስ። ቅሬታ ብዬ ልጽፈው ድፍረት ሆነብኝና ምስጋና ብየዋለሁ። ጀይላን ቁጥር ያለው ማመልከቻ ቶሎ ይነበባል ይል ስለነበር በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ ግልጽነት አመሰግናለሁ። ያገለገሉ ሃያ ሦስት ኮምፒውተሮች ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ቀን ለማንኛውም ተጫራች «ባሉበት ሁኔታ» እንደሚሸጡ ይላል። ጨረታ ላይ ይህን ያህል እውነት ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ያሉበትን ሁኔታ እኔም አይቼዋለሁ፤ ተራ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ከእነማን ጋር እንደተቀመጥኩ አውቃለሁ። ክንዷ በጀሶ የታሰረ ልጅ ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምታጠባ ነበረች። ጸሐፊዎ እያንዳንዷን፣ «አሁን የት ነው ያረፍሽው? ማን ቤት?» ብላ በደግነት ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ልትረዳቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ጀይላንም ሊረዳ ነበር። መልሱን ጣቶቿ ሲተይቡት ከአግዳሚው ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ያ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ከጠያቂዋ፣ ከተጠያቂዋና ከእኔ፣ እኔ ብቻ አውቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ የንብረት ክፍሉ አቶ ሣህሌ ጊዜያቸውን ሰውተው አስተምረውኛልና ምስጋናዬ ይድረሳቸው። አንዱን ኮምፒውተር ከፍተው ነጭ መስኮት አሳዩኝ። «ይኸው እናቴ፣ ሁሉም ፎርማት ተደርጓል፣ ባዶ ነው፣ አይጨነቁ» አሉኝ። ያንን ባዶነት አውቀዋለሁ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ደክሜ ያገኘሁት እሱኑ ነው። በችኮላ የተደረገ ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ ቀድዶ ገጾቹን እንዳሉ መተው ነው። ማውጫውን የሚፈልግ ሰው መጽሐፉ ባዶ ነው ይላል፤ ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ሁሉንም ያነባል። ይህን ስነግራቸው አቶ ሣህሌ ሳቁና፣ «ደግሞስ የሴት ለቅሶ ማን ገዝቶ ያነባል?» አሉኝ። የሚያነቡትን እኔ አውቃቸዋለሁ። ገዝተው አይደለም የሚያነቡት፤ በነጻ ነው፣ ከፍ ባለ ድምፅ።

ሦስተኛ፤ ከሠራተኞችዎ አንድ ሰው፣ ሥራውን አልጠቅስም፣ የመጣሁበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። በአራት ቀን ምልልስ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን «አዴ፣ ዛሬ ማንን ፈልገሽ ነው?» ያለኝ፣ በአራተኛው ቀን ወንበሩን ለቀቀልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእህቴ ልጅም እዚህ አመልክታ ነበር። የሷም ውስጡ አለ?» አለኝ። ምን ልበለው? እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ፤ ያኔ ነው ምን አገባዎት ያሉኝ። ጥያቄው የእኔ አልነበረም፤ የራስዎ ሠራተኛ ጥያቄ ነበር።

አራተኛ፤ ሠራተኞችዎ «በጽሑፍ ያቅርቡ» ስላሉኝ፣ እርስዎ ዘንድ ከመግባቴ ቀደም ብዬ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር። መዝገብ ቤትዎ ተቀብሎ፣ ስሜንና ስልኬን ኮምፒውተር ላይ መዝግቦ፣ በሳምንት ተመለሺ አለኝ። በሳምንቱ ብመለስ ማመልከቻዬ ሊገኝ አልቻለም። የመዘገበው ኮምፒውተር ከሃያ ሦስቱ አንዱ ሆኖ ተነቅሎ መጋዘን ገብቶ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ የሚሸጠው የሌሎቹ ብቻ ሳይሆን የእኔም አቤቱታ ነው። ለካ ፋይል አለኝ፤ ፋይል የለኝም ማለቴን ሰርዣለሁ። ማውጫውን ብቻ።

የምለምነው ጥቂት ነው። ኮምፒውተሮቹ አይሸጡ አላልኩም። ሙኒር ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ እሱም እንደ እኔ እንቅልፍ ስለሌለው ነገሩን አጥንቶ ለእኔም አስረድቶኛል። ከሁሉ የሚቀለው ሃርድ ዲስኩን በአራት ብሎን ፈትቶ ማስቀረትና ኮምፒውተሩን ያለ እሱ መሸጥ ነው። ዲስኩም አብሮ ይሸጥ ከተባለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላዩ ላይ ሌላ ነገር የሚጽፍ ፕሮግራም ማስነሣት ያስፈልጋል። ለአንዱ ዲስክ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲያልቅም የጠፋ ነገር በሚመልሰው በዚያው ፕሮግራም መሞከርና ምንም አለመነሣቱን በዓይን ማየት ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌላቸው አዲሶቹ ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው ማጥፊያ ትእዛዝ አላቸው። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ፣ አንድ የእንጨት ሠራተኛ ድሪል ይበቃል። ሙኒርና እኔ መጥተን በነጻ ልንሠራው ዝግጁ ነን። እምነት ካላደረባችሁብን አቶ ሣህሌ አጠገባችን ይቀመጡ፤ ወንበር እኛው እናመጣለን።

ይህን ሳያደርጉ ሐሙስ ቢደርስ ግን፣ በዚያን ዕለት ጠዋት ከግቢዎ በር ውጭ ቆሜ ለሚገባው ተጫራች ሁሉ የሚገዛው ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ለሚወጣውም እንዲሁ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያልኩ ሴት ነኝና የተጠራቀመ ድምፅ አለኝ።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በአንድ መሃይም ሴት ወግ ስላባከንኩ ይቅርታ እየለመንኩ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ዓይንዎ እስኪያይ፣ ጆሮዎም እስኪሰማ ድረስ ያቆይዎ፤ ለልጆችዎም ማመልከቻ የሚያጽፍ ቀን አያምጣባቸው ስል፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ነኝ።

ረቢአ ሙሀመድኑር
የማመልከቻ ጸሐፊው የጀይላን ሚስት

አባሪ፦ አራት ቦታ ላይ የተበሳ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ።

በድጋሚ፦ አባሪው እንዳያስደነግጥዎ። ሙኒር ያን ጊዜ በፌስታል ጠቅልሎ የሰጠኝ ዲስክ ነው። እስከ ትናንት ድረስ በልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ማጥፋት ነበረብኝ፤ ግን ከጀይላን የሃያ ሁለት ዓመት ልፋት የቀረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ስሜ ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት ገጽም በውስጡ ስለሆነ፣ እጄ እምቢ ሲለኝ ኖረ። ትናንት እንጨት ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኩት። ሙኒር ቀድሞ ያቺን አንዲት ገጽ ላውጣልዎ ቢለኝ፣ ሌሎቹ የማይወጣላቸውን ለእኔ አታውጣ አልኩት። ሠራተኛው እየበሳ፣ «ምን በድሎሽ ነው አዴ?» ብሎ ሳቀ። ባለሙያዎችዎ ባዶ ማለት ምን እንደሚመስል አይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ናሙና ይሆናቸው ዘንድ በጠረጴዛዎ ላይ እንዲቀመጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወረቀት እንዳይበር መጫኛም ይሆናል።

ግልባጭ፦
ለጨረታ ኮሚቴው፤
በበርዎ ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ከጨረታው ጎን የምለጥፈው እኔው ነኝ፤
ሙኒር ብዬ ለጠራሁት ሰው፤
ፋጡሜ ብዬ ለጠራኋት ሴት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ሌላ ሰው እንዲያነብላት ደግሞ አልሰጥም። ነገ ጠዋት ራሴ ሄጄ፣ ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ ከላይ ጀምሬ በገዛ አፌ አነብላታለሁ። ሌሎቹ ግልባጮች እሷ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ይደርሳሉ።